ትክክለኛውን መልስ ይዤ ለምን ወደቅሁ?

ጥያቄ፦ ካፒቴን፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በምህንድስና ተመርቄያለሁ። ለአብራሪነት ሥልጠና ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ የሂሳብና የፊዚክስ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አለፍኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የወደቅሁት በቡድን ልምምዱና በቃለ መጠይቁ ነው። በልምምዱ ትክክለኛውን መልስ ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ፤ ሌሎቹ ግን ሊሰሙኝ አልፈለጉም። ለመሆኑ አውሮፕላን የሚበረው በእውቀት ነው ወይስ በጠባይ?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ «ሊሰሙኝ አልፈለጉም» ከምትለው ላይ አልነሳ አለ። በዚያው ዕለት የተዋወቁህ ሰዎች አንተን ላለመስማት አስቀድመው የሚማከሩበት ምክንያት አልታይ አለኝ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለዓመታት ከመልማዮች ጋር ተቀምጫለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የእንቆቅልሹ መልስ ብዙም ግድ አይሰጠንም ነበር። ወረቀቴ ላይ የምጽፈው ማን እንደጠየቀ፣ ዝም ያለውን ሰው ማን ልብ እንዳለው፣ ሰዓቱ እያለቀ መሆኑን ማን እንዳስታወሰ ነው። አንድ ጊዜ ቡድኑን ይመራ የነበረን ወጣት ሥራው ከተጋመሰ በኋላ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ «ሁለተኛውን ቁጥር በስህተት ነው ያነበብነው» አለችው። እርሳሱን አስቀመጠ፤ ወረቀቱን አየ፤ «እውነትሽን ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጊዜው አልቆባቸው ሳይጨርሱ ቀሩ። ሁለቱንም አሳለፍናቸው። በዚያው ቀን ቀድሞ የጨረሰውን፣ ወረቀቱን ወደራሱ ስቦ ብቻውን የሠራውን ደግሞ ጣልነው። አንዱ ባልደረባዬ በዚህ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክሮኛል።

ለምን እንዲህ እንደምንጨክን እንዲገባህ በበረራ ታሪክ የሆነውን ተመልከት። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ደሴት በቴኔሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የአንደኛው፣ የኔዘርላንድስ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ዋና አብራሪ በድርጅቱ ውስጥ ሌሎችን የሚያሠለጥን፣ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ በጭጋግ ውስጥ መንደርደር ሲጀምር የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው፣ የአሜሪካው የፓን አም አውሮፕላን መንገዱን ለቅቆ እንደሆነ ጠየቀ። ካፒቴኑ መልቀቁን በእርግጠኝነት መለሰለት። መሐንዲሱም ዳግመኛ አልጠየቀም።

በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ላይ የአሜሪካው አየር መንገድ የዩናይትድ ዲሲ-8 አውሮፕላን በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ በማረፊያ ጎማው ችግር ተጠምዶ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲዞር ባልደረቦቹ የነዳጁን ነገር አንስተው ነበር፤ ያነሱት ግን በለሆሳስ ነው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አብራሪዎቹን በቡድን ሥራና በመደማመጥ ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1989 የዚሁ ድርጅት ካፒቴን አል ሄይንስ የሚነዳው ዲሲ-10 አውሮፕላን የመቆጣጠሪያ ኃይሉን በሙሉ ሲያጣ፣ በመንገደኛነት የተሳፈረ አሠልጣኝ አብራሪ ሊረዳው መጣ፤ ሄይንስም የሞተሮቹን ኃይል መቆጣጠሪያ አስያዘው። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ ራሱ ምስጋናውን ለዚያ ሥልጠና ሰጥቷል።

ዝምታም ጠባይ ነው። ረዳት አብራሪ ሳለሁ ካፒቴኔ ከተፈቀደልን ከፍታ በታች ሲወርድ በመሣሪያው ላይ በግልጽ አየሁ። ተናገርኩ? አልተናገርኩም፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አለኝ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ጠርቶ ባያስተካክለን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚመልስልህ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ስለዚህ ትሑት ሁን ብዬ ብቻ አልመክርህም፤ እንደ እኔ ያለውን ትሑትም አንፈልገውም።

ይህ ጉዳይ ከቅጥር በኋላም አይለቅህም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከዘረዘራቸው የአብራሪ ብቃቶች መካከል ተግባቦት፣ መሪነትና የቡድን ሥራ፣ የሥራ ጫናን መምራት ይገኙበታል። በምስለ በረራ ስትፈተን እጅህ ብቻ ሳይሆን አፍህና ጆሮህም ይታያሉ። እጃቸው ወርቅ የሆነ፣ የካፒቴንነት ማዕረግ ግን የዘገየባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

መልማይም ይሳሳታል። አፈ ቅቤ ሆኖ ያታለለን ሰው አለ፤ አንደበቱ ተሳስሮበት ያለአግባብ የጣልነውም አለ። ያም ሆኖ «የተሳሳትክበትን ጊዜ ንገረን» ስንል «ከመጠን በላይ ትጉህ ነኝ» የሚለውን መልስ ስንቴ እንደሰማሁት አልነግርህም። እውነተኛ ስህተት ይዘህ ግባ፤ በማግስቱ ምን እንዳደረግህም ተናገር።

ከዚያ በፊት ግን በምህንድስና ትምህርትህ የቡድን ሥራ አብሮህ የሠራ አንድ ጓደኛህን ፈልግ። ከአንተ ጋር መሥራት ምን ይመስል እንደነበር ጠይቀው፤ እስኪጨርስ ድረስም አታቋርጠው። የነገረህን ጽፈህ ላክልኝ።