አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ጅማ ቡና እነግዳለሁ። የየአቅራቢውን የኬሻ ብዛትና ክፍያ የመዘገብኩበት ፕሮግራም በዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ግን አርጅቷል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው መዝገቡን ዛሬውኑ በፍላሽ ይገልብጡ፤ አሮጌው ዲስክ በድንገት ከተበላሸ መመለሻ የለውም። ከዚያ ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በአዲሱ ኮምፒውተርዎ ውስጥ ራሱን የቻለ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ ስለሚፈጥር፣ ኤክስፒን በፈቃድ ቁጥሩ እዚያ ውስጥ መጫን ይችላሉ፤ 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ይበቃዋል። ሲጭኑት ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ከቆመ፣ በቨርቹዋልቦክስ ማስተካከያ ውስጥ የዲስኩን መቆጣጠሪያ ከሳታ (SATA) ወደ አይዲኢ (IDE)፣ ማለትም ኤክስፒ ወደሚያውቀው አሮጌ የዲስክ ማገናኛ ዓይነት፣ ይለውጡ። አጥብቄ የምለምንዎት ግን የኤክስፒውን ኔትወርክ እንዲያጠፉት ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ፣ አንድ ቫይረስ የዓመታት ልፋትዎን ሊያጠፋው ይችላል።