ጥያቄና መልስ፦ «የጠየቀችኝ እኮ አክስቴ ናት»

ከማራኪ የጻፍሽልኝ ጀማሪ ነርስ፣ የአክስትሽ ጎረቤት አንቺ በምትሠሪበት ዋርድ ተኝታለች። አክስትሽ ደውላ «ምን አገኛት?» ስትልሽ «አላውቅም» ብትያት ተቀየመች። «የጠየቀችኝ እኮ አክስቴ ናት፤ ክፉ አስባ አይደለም» ብለሻል።

አላሰበችም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በጎንደር የታማሚ ምስጢር ሲወጣ ያየሁት በጠላት አፍ አይደለም፤ በዘመድ፣ በእድርተኛ፣ በማኅበርተኛ አፍ ነው፤ «እግዜር ይማራት» እየተባለ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስገዛ አንዲት የማውቃት ሴት «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነችላችሁ?» አለችኝ። «ደኅና ናት፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትውጣለች» አልኩ። ሌላ ቃል አልተነፈስኩም። የቲቢ ታካሚ በየቀኑ ነርስ ፊት ክኒኑን እንደሚውጥ ግን ሰፈሩ ያውቃል፤ የቀረውን ራሳቸው ሞሉት። በሳምንቱ ልጅቷ መጣች። ክኒኑን በመዳፌ ይዤላት ሳለ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው አለችኝና ከዚያ አንስታ ዋጠች። ቀና ብላም አላየችኝ። ከዚያ ቀረች። ሕክምናው በተለምዶ 6 ወር ነው፤ መሐል ላይ ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

ስለዚህ ልጄ፣ «አላውቅም» አትበያት፤ ታውቂያለሽና። «እትዬ፣ ራሷን ይጠይቋት፤ የታማሚ ነገር ለእርስዎም ቢሆን አልናገርም» በያት። ቅያሜው ያልፋል። ሕጉም ከጎንሽ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሙያ ምስጢር ያወጣን ባለሙያ ያስቀጣል። ለምታክማት ተረኛ ነርስ በርክክብ ጊዜ መንገር ግን ሥራሽ ነው። ብቻ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ስድስት አልጋ በተደረደረበት ክፍል መጋረጃ ጆሮ አይከልልም።

ከአዘዞ፣ የቁስል ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፈህ «ፊቱ አይታይም» ላልከኝ፦ አጥፋው፣ አሁኑኑ። እናቱ በብርድ ልብሱ ታውቀዋለች።

ተማሪው፣ ቻርት ላይ ስትሳሳት በኮሬክተር አትሸፍን። የታችኛው እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዝ፤ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ አኑርበት።

እማማ፣ ለጉልበትዎ ሳላይዎ ክኒን አላዝም። ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የመጨረሻዋ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳችኝ። ሌሊት ተረኛ ሆነሽ የአንዱን ታማሚ መርፌ ለጎረቤቱ ወግተሻል። ሁለት ጌታቸው ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። ባልደረባሽ «ምንም አልሆነም፣ ዝም በይ» አለችሽ። ምንም አለመሆኑን በምን ለካችሁት? የደም ግፊቱን፣ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን ማን አየ? ለእኔ ከመጻፍሽ በፊት ለተረኛው ሐኪም መንገር ነበረብሽ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሂጂና ንገሪ፦ የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት። ቻርቱ ላይ ጻፊው፤ ለኃላፊሽ አሳውቂ፤ ሰውየውም ይነገረው፣ አካሉ የእሱ ነው። መርፌውን ያጣው ሌላው ጌታቸውም አለ፤ እሱንም አትርሺ። ነገሩ ዲሲፕሊን ድረስ ከሄደ ሕግ የሚያውቅ ሰው የግድ አማክሪ፤ በዚህ እኔ አልበቃሽም።

ዛሬ ማታ ስትገቢ ደግሞ «ጌታቸው ነህ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ እንቅልፍ የያዘው ሰው ለሁሉም «አዎ» ይላል። «ስምህ ከነአባትህ ማን ነው?» በይውና ከካርዱ ቁጥር ጋር አስተያዪው።