ያልሰማ መልእክተኛ

ልጆች፣ ሰሞኑን ከመመረቂያ ጽሑፎቻችሁ አንዱን ሳነብ ፈገግ አልኩ። «ተቀባዩ ቻናሉን በትክክል ያውቃል ብለን እንነሳ» ይላል። (ቻናል የምንለው ሲግናሉ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ በመንገዱ የሚለዋወጥበትን ሁኔታ ነው።) እኔም ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ እንኳ እንዲሁ እያልኩ ነበር የምነሳው። ከዚህ ያወጣኝ ጣና ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ላይ ትንሽ ሬዲዮ አስረን እንሞክር ነበር። ተቀባዩ ዳር ላይ ነው፤ እልፍ ብሎ ደግሞ ሪሌይ፣ ማለትም የሰማውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ፣ አለ። አንዱ መንገድ ሲደክም ሌላው እንዲደርስለት ነው። ሲሙሌሽኑ ላይ ኃይሉን በ10 ዴሲቤል (አሥር እጥፍ) ስንጨምር ስህተቱ ወደ መቶኛው ይወርዳል። ያለ ሪሌይ ወደ አሥረኛው ብቻ። ሐይቁ ላይ ግን ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ፣ ኃይል ሲጨምር ስህተቱ እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳየው ኩርባ ጋደም አለ። ኃይል ብንጨምር ብንጨምር፣ ወይ ፍንክች!

ሁለት ቀን ሙሉ ገመድና አንቴና ስንጠረጥር ከረምን። (ገመዱ ምንም አላጠፋም።) ጥፋቱ የእኛ ነበር። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀልባዋ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስትነቃነቅ ቻናሉ ሌላ ቻናል ይሆናል። እኛ ደግሞ ፓይለት፣ ማለትም ተቀባዩ ቻናሉን የሚለካበትን አስቀድሞ የሚያውቀውን ሲግናል፣ የምንልከው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ባለፈው ቻናል የአሁኑን መልእክት ይፈታል። ጩኸት ቢጨመርለት ምን ይፈይደዋል?

ፓይለቱን ስናበዛ ተሻለን። ግን ስህተቱ አልጠፋም፤ የሪሌዩ ጣጣ ቀረ። እሱ የተሳሳተውንም ቢት በሙሉ ኃይሉ፣ ጥርት አድርጎ ያስተላልፋል። ተቀባዩ የጠራውን ሲግናል ያምናል። የሰሚ ሰሚ ማለት ይሄው ነው! ከዚያ ሲአርሲ (ስህተት መኖሩን የሚያጣራ ኮድ) ጨመርንና መልእክቱ ካልገጠመለት ዝም እንዲል አደረግነው። ያኔ ነው ኃይል ስንጨምር ስህተቱ መውረድ የጀመረው።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ላኔማን፣ ሴ እና ዎርኔል እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሁልጊዜ እየፈታ የሚያስተላልፍ ሪሌይ የዳይቨርሲቲ ጥቅም (አንዱ መንገድ ሲደክም ሌላው የሚደርስበትን) እንደማይሰጥ አሳይተዋል። ጽሑፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ቀመሮቹን በቀይ አስምሬባቸዋለሁ፤ ያቺን ዐረፍተ ነገር ግን ዘልያታለሁ።

እናንተ ጽሑፋችሁን ፈታኞች ፊት ከምትከላከሉበት ቀን በፊት ያንኑ ኩርባ እንደገና ሥሩልኝ፤ የቻናል ግምቱ ላይ ስህተት ጨምሩበት፣ ሪሌዩም ይሳሳት። ከዚያ ሬዲዮዎቹን ይዛችሁ ወደ ዳርቻው ኑ። ከሰዓት ይሁን ታዲያ። ጠዋት ሐይቁ በጣም ደግ ነው።