ፕሮጀክተሩ ይቆይ፣ ድንቹን አስቀድሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ 62 ተማሪ፣ ገሚሱ አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ ወይ ሶማሊኛ፣ ዓይኑ በደንብ የማያይ አንድ ልጅ፣ አዲስ የመጣ ፕሮጀክተር። "ለሁሉም የሚሆን ትምህርት በቴክኖሎጂ እንዴት ላዘጋጅ?" ነው ያልሽው። አንቺ እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ ድሬ ነን።

እኔም ፕሮጀክተር ያገኘሁ ሰሞን አብጄ ነበር። ስለ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት ስለመሄዱ፣ 40 ስላይድ ሠርቼ ገባሁ። ምስሉ በፀሐዩ አልታይ አለ። መጋረጃ የለም፣ መስኮቱን አዘጋሁ። አቦ፣ በግንቦት፣ ድሬ ላይ፣ ከሰዓት ፈረቃ! ክፍሉ የዳቦ ፉርኖ ሆነ። ትንሽ እንደቆየ መብራት ሄደ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ያን ቀን ትዝ ያለኝ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ያውቀዋል፤ ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቅ ነበር፣ መምህሩ ማስቆም አይችልም፣ እኛም "ቆይ እስኪ" ማለት አንችልም፣ የገባው ገባው፣ ያልገባው ቁጭ ብሎ ያያል። ለካ በ40 ስላይዴ ያንኑ ነው የደገምኩት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ክፍል ይዤ ከመግባቴ በፊት፣ ልጁ ሊያቆመው፣ ሊደግመው፣ ካልሆነለትም በሌላ በኩል ሊያገኘው ይችላል ወይ እላለሁ።

በዓመቱ ያንኑ ትምህርት በድንች ጀመርኩት። ለየቡድኑ ሁለት ብርጭቆ፣ አንዱ ንጹህ ውሃ፣ አንዱ ጨው የበዛበት፣ በየብርጭቆው አንድ አንድ ቀጭን ቁራጭ ድንች። ድርብ ክፍለ ጊዜ ላይ አድርጊው፣ ጊዜ ይፈልጋል። የኔም ክፍል ውስጥ ማየት የሚቸገር ልጅ ነበር። የጨዉን ድንች በጣቱ ጎበጥ አደረገና "ቲቸር፣ ይሄኛው ተልፈሰፈሰ፣ ውሃው ወጥቶበታል" አለ። ከክፍሉ ቀድሞ የመለሰው እሱ ነው። ድንቹ ለሱ ተብሎ የመጣ አልነበረም።

ቴክኖሎጂው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ደቂቃ የማትሞላ ድምፅ በአማርኛ ቀዳሁ፣ አንድ ባልደረባዬ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዲት ተማሪ በሶማሊኛ። "ኦስሞሲስ"ና "ሜምብሬን" (ስሱ ሽፋን) የሚሉትን ግን እንዳሉ በእንግሊዝኛ ተውናቸው፣ ፈተና ላይ የሚመጡት እንደዛ ነዋ። ዳታ ላለው በቴሌግራም፣ ለሌለው ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደር። ስልክ የሌላቸውን ካላቸው ጋር አምስት አምስት አድርጌ ቀላቀልኳቸው። በነገራችን ላይ ርዕሰ መምህሩን ቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ስልክ ክልክል ከሆነ ጣጣው ላንቺ ነው።

ማየት ለሚቸገረው ልጅ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ የሚባል ጽሑፍ የሚያነብ ነገር አለ፣ በነጻ። እኔ መጀመሪያ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላኩለት። ዝም አለበት። ፎቶውን እንደ ሥዕል ነው ያየው፣ እንደ ጽሑፍ አላነበበለትም። ተይቦ የተላከ ብቻ ነው የሠራለት። ሰሌዳ ላይ ስትጽፊም የምትጽፊውን በድምፅ እያልሽ ጻፊ፣ ይሄ መብራትም አይፈልግ።

ይሄ አካሄድ ስምም አለው፣ ዩኒቨርሳል ዲዛይን ፎር ለርኒንግ ይሉታል፣ ትምህርቱን ከጅምሩ ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ ማዘጋጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ካስት የሚባል ድርጅት ነው ያወጣው። ሐሳቡ የተቀዳው ከሕንፃ ሥራ ነው። ለዊልቸር ተብሎ የተሠራ መወጣጫ ጋሪ ለሚገፋም፣ ሕፃን ለያዘም ይሆናል። ለሶማሊኛ ተናጋሪዎቹ ብዬ ያስቀዳሁትን ድምፅ ሌሎቹም ፈተና ሲደርስ ሲያዳምጡት አይቻለሁ። ብቻ ልጆቹን "አንተ የምስል ልጅ ነህ፣ አንቺ የድምፅ" ብለሽ እንዳትከፋፍያቸው፣ በስልጠና ላይ ብዙ ይባላል እንጂ ጥናት አልደገፈውም። ሁሉንም ለሁሉም ክፈቺ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለዘብኩም። ኦስሞሲስ ገብቷቸው እንደሆነ ለማየት በቃል ወይ በድምፅ እቀበላለሁ። የላቦራቶሪ ሪፖርት አጻጻፍ ስናስተምር ግን መጻፍ አለባቸው፣ የምንማረው እሱን ነዋ።

ድምፆቹን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሦስቱንም እልካለሁ። የሶማሊኛው መሃል ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፣ ልጅቷ ድጋሚ አልቀዳም ብላኝ ነው።