እግሩን ላጣው ወንድምሽ፦ ከስፖርቱ በፊት ወረቀቱ

እህቴ፣ «ወንድሜ ጦር ሜዳ እግሩን ካጣ ወዲህ ከቤት አልወጣ ብሏል፤ የውጭ ስፖርት ይረዳው ይሆን? ከምን እንጀምር?» ያልሽውን አየሁት። በደንብ ይረዳዋል! እኔም ከጉልበቴ በታች የተቆረጥኩ የቀድሞ ወታደር ነኝ። አሁን በእጅ የሚዘወር ብስክሌት እነዳለሁ፣ ካያክ የምትባለዋን ጠባብ ጀልባም እቀዝፋለሁ። ቁልቁለት ላይ ባለ ሁለት እግሮቹን ጥያቸው ስሄድ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅሽም።

1. የሐኪም ወረቀት። ቀላል እንዳይመስልሽ። ልመዘገብበት የሄድኩት የስፖርት ማሰልጠኛ «ስፖርት ይፈቀድለታል የሚል ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ሐኪሙ ደግሞ «ኃላፊነት አልወስድም» ብሎ አልፈርም አለ። አቤት ልል ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስፖርት ለጤነኛ ነው፣ አንተ እረፍ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ የተጀመረው እኮ በኛ በቁስለኞች ነው አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እዚያው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል 16 የቆሰሉ የቀድሞ ወታደሮችን፣ ሴቶችም ነበሩበት፣ ዊልቸር ላይ እንዳሉ ቀስት አወዳድሯል ብዬ ተረኩለት። «ቀጣይ!» አለ።

መላውን የነገረችኝ ፊዚዮቴራፒስቴ ናት። «ይፈቀድለታል ብሎ የሚፈርምልህ የለም። ምን ልጠንቀቅ ብለህ ጠይቀው» አለችኝ። ሐኪሙ ያኔውኑ ጻፈው፦ ቆዳው ከቆሰለ እስኪድን ይቁም፣ ውሃ ላይ ብቻውን አይውጣ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ አሰልጣኙ ይወቅ። ማሰልጠኛውም ተቀበለው። ወንድምሽም እንደዚያ ይጠይቅ።

2. ቆዳው። ሰው ሠራሽ እግሩን ባወለቀ ቁጥር ቀሪውን እግር ይየው። የቀላው ቦታ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ሶኬቱ፣ ማለትም ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል፣ ልኩ አይደለም፤ ሰሪው ያስተካክለው፣ ችሎ መሄድ የለም። ላብ ላይነሩ (ቀሪው እግር ላይ የሚጠለቀው ለስላሳ ሽፋን) ውስጥ ሲጠራቀም እግሩ መንሸራተት ይጀምራል፤ አረፍ ብሎ፣ አውልቆ፣ ማድረቅ ነው። ቀሪው እግር ቀኑን ሲውል መጠኑ ስለሚቀንስ እሱ ላይ የሚደረብ ትርፍ ካልሲ ይያዝ። እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እግሬን አውልቄ ላቡን ስጠርግ አላፊ አግዳሚው አምቡላንስ ልጥራ ይለኛል። ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል።

3. ዕቃ አሁኑኑ አትግዙ። ተውሶ ይሞክር።

4. ደግሞ «ለጤናህ ነው» እያልሽ አትለምኚው። እናቴ እንደዚያ ስትለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ያስወጣኝ አብሮኝ የቆሰለ ጓደኛዬ ነው፤ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ «አትቀድመኝም፣ ደካማ!» አለኝ። እልህ ያዘኝና ወጣሁ። ማታ ያለ ኪኒን እንቅልፍ ወሰደኝ። አብሮት ያገለገለ ሰው ካለ ለሱ ደውይለት። ደብዳቤው ላይ ካስቸገሯችሁም በውስጥ ጻፊልኝ፣ የኔን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።