«አውቃለሁ» ማለት ካልቻልኩ ምን ልመስክር?

ጥያቄ፦ ወንድም፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን የተጠመቅኩት የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ዩታ ውስጥ ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን፣ በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ እናቴ ዛሬም ኪዳን አይቀራትም። በአጥቢያችን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሰው እየተነሣ «እግዚአብሔር ሕያው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቤተክርስቲያኗ እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ» እያለ ይመሰክራል። እኔን ግን «አውቃለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይቆምብኛል። ያለኝ አንድ ረጅም መንገድ ነው። ብዙ ጥርጣሬ፣ ብዙ ለቅሶ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ በአማርኛ የጸለይኩት ጸሎትና ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ዕረፍት። ይህን በሰው ፊት ማውራት ራስን ማሳየት አይሆንም? እኛ አገር የነፍስ ነገር የሚነገረው ለነፍስ አባት ነው። ደግሞስ የእኔ መንገድ ለሌላው ምን ይጠቅመዋል? እናቴስ ብትሰማ ምን ትለኛለች?

መልስ፦ እህቴ፣ «ለሌላው ምን ይጠቅመዋል?» ካልሽው ልጀምር፤ የዚህን መልስ ከራሴ ሕይወት ነው የማውቀው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በ77ቱ ድርቅ ሕፃን ነበርኩ። ከዚያ ዘመን የሚታወሰኝ ጥቂት ነው፦ እናቴ አንዷን ጭብጦ ለሦስት ስትከፍላት፣ ከዚያ የራሷን ድርሻ መልሳ ለእኛ ስትሰጠን። ብዙ ዓመት አልፎ እዚህ አገር መጣሁ፣ ተጠመቅሁ። ሦስተኛ ወይም አራተኛ የጾም እሑዴ ላይ፣ ማለትም ጾመን በምንመሰክርበት የወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ የኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነሡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የመድረኩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ እንድንጾም በተጠየቅን ጊዜ ዕዳ ውስጥ ነበርን አሉ። ባለቤታቸው በጾሙ ያልበሉትን የሁለት ማዕድ ዋጋ ቆጥረው ፖስታ ውስጥ ከተቱ፤ ፖስታውን ካሸጉ በኋላ እንደገና ቀደዱትና ለልጆቹ ጫማ መግዣ ያስቀመጡትን ጨመሩበት። «ገንዘቡ የት እንደደረሰ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው። «እኔ የማላውቃቸውን ልጆች እግዚአብሔር በየስማቸው እንደሚያውቃቸው ግን ያን ቀን ተረዳሁ።» ይህን ብለው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አሜን አሉና ተቀመጡ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

እኔ በዚያ ወንበር ላይ ራሴን መያዝ አቃተኝ። የዚያ ፖስታ ገንዘብ እኛ መንደር ደርሷል ልልሽ አልችልም። ግን እኔ በተራብኩበት ወራት አንድ ስሜን የማያውቅ ሰው በፈቃዱ ተርቦልኝ ነበር። ሽማግሌው ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀምጠው ቢቀሩ ኖሮ ይህን ሳላውቅ እሞት ነበር። እሳቸውም የጾሙላት አገር ልጅ ከኋላቸው መቀመጡን አያውቁም ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ ሄጄ እጃቸውን ስጨብጥ ነው የነገርኳቸው።

ያ ጾም በታሪክም የተመዘገበ ነው። ቤተክርስቲያኗ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላቷን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1985 ልዩ ጾም እንዲጾሙ ጠርታ ለኢትዮጵያና ለሌሎች በረሃብ ለተመቱ አገሮች ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። በዚያው ዓመት የቤተክርስቲያኗ መሪ ኤልደር ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ ሁኔታውን በዓይናቸው ለማየት ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። በአዲስ አበባ በአንድ እሑድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተሰብስበው ዝናብ እንዲጥል ጸለዩ፤ በዚያው ዕለትም ዝናብ እንደዘነበ በኋላ መስክረዋል። እኛ ይህን ልናውቅ የቻልነው አይተው ዝም ስላላሉ ነው።

አሁን ወደ «አውቃለሁ» ልምጣ። ይህ ቃል የሚያስጨንቅሽ ቃሉን ስለምታከብሪው ነው፤ ይህን አትጣዪው። ያልያዝሽውን ይዣለሁ እንድትዪ ማንም አልጠየቀሽም። ከቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ በሆነው በትምህርትና ቃልኪዳኖች ክፍል 46 ላይ ስለ መንፈስ ስጦታዎች ሲናገር፣ ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን ማወቅ ለአንዳንዶች በመንፈስ ቅዱስ ይሰጣል ይላል። ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ ለሌሎች በእነዚያ ሰዎች ቃል ማመን ተሰጥቷቸዋል ይላል። ልብ በዪ፣ ሁለተኛውንም ስጦታ ነው ያለው። በሌላው ቃል ማመን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ከስጦታዎች ጋር ባልተቆጠረ። ከዚህ ተነሥተሽ ደግሞ አስቢው፦ በሌላው ቃል የማመን ስጦታ የተሰጠው ሰው የሚያምንበት ቃል ከየት ያገኛል? አጠገቡ ያለው ሰው ካልተናገረ ስጦታው በምን ይሠራል?

በሌላው ቅዱስ መጽሐፋችን በመጽሐፈ ሞርሞን፣ አልማ 32 ላይም ነቢዩ አልማ በድህነታቸው ምክንያት ከምኩራብ የተባረሩትን ሰዎች ሲያስተምር «እመኑ» ብሎ አልጀመረም። ከማመን ፍላጎት ሌላ ምንም ባይኖራችሁ እንኳ ይህ ፍላጎት በውስጣችሁ ይሥራ አላቸው። በማርቆስ 9 ያለውም አባት ጌታ ፊት ቆሞ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነው ያለው። ልጁ ተፈውሶለታል። ስለዚህ «አምናለሁ» ካለሽ «አምናለሁ» በዪ። «ማመን እፈልጋለሁ» ከሆነም እሱን በዪ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስመሰክር ከሌሎች የሰማሁትን ቃል በቃል ደግሜ ተቀመጥኩ፤ የሰው ልብስ ለብሼ እንደወጣሁ ተሰማኝ። ቃሉ እውነት ነበር፣ ግን የእኔ አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜ ስነሣ የሽማግሌውን ፖስታ ነገር ተናገርኩ። ያን ቀን የራሴን ለበስኩ።

የነፍስ ነገር ለነፍስ አባት ነው ያልሽው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ያደግሽበት ቤት ጥሩ አስተምሮሻል። በእኛም ዘንድ ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ለኤጲስ ቆጶሱ፣ ማለትም ለአጥቢያው መሪ ብቻ ነው የሚናዘዘው፤ መድረክ ላይ አይዘረገፍም። ምስክርነት ግን ኑዛዜ አይደለም። ኑዛዜ እኔ ያደረግሁትን ይናገራል፤ ምስክርነት እግዚአብሔር ለእኔ ያደረገውን ይናገራል። አልማን ተመልከቺው። እንዴት እንደተለወጠ በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ቦታ ይተርካል፦ በሞዛያ 27 በዙሪያው ለቆሙት፣ በአልማ 36 ለልጁ ለሔለማን፣ በአልማ 38 ለልጁ ለሺብሎን። ዓመፀኛ እንደነበረ አልደበቀም፣ የበደሉን ዝርዝር ግን አላወራም። አልማ 36ን ጊዜ ወስደሽ አንብቢው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በነፍስ ሥቃይ ውስጥ ወድቆ ሳለ የወጣው በምንድን ነው? አባቱ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ መምጣት ሲናገር መስማቱ ትዝ አለው፤ ያን ስም በልቡ ያዘ፣ ጮኸ፣ ሥቃዩም ተወው። አባትየው ያን ቃል ሲናገር ልጁ የሚሰማው አይመስልም ነበር። ቃሉ ግን ውስጡ ተቀምጦ ቀኑን ጠበቀ።

የትረካው መካከል ላይ ያለው የክርስቶስ ስም ነው። ራስን ማሳየት እንዳይሆን ስትፈሪ ራስሽን የምትፈትኚው በዚህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ሞርሞን ብሎ ይጠራናል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወቅቱ የነበሩት ፕሬዘዳንታችን ራስል ኔልሰን የቤተክርስቲያኗን ሙሉ ስም እንድንጠቀም አጥብቀው የጠየቁት በአጭሩ ስም ውስጥ የክርስቶስ ስም ስለሚቀር ነው። የእኛም ትረካ እንዲሁ ይሆናል፤ መንገዱ ይረዝምና ያ ስም ይቀርበታል። ኤልደር ዳሊን ኦክስ በሚያዝያ 2008 እ.ኤ.አ. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ምስክርነት የጉዞ ታሪክ ወይም የጤና ዘገባ ወይም ለቤተሰብ ፍቅር መግለጫ አይደለም፣ ስብከትም አይደለም ብለው ያስጠነቀቁት ለዚህ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች «እንግዲያው ታሪክ አይነገርም» ብለው የተለመዱትን አምስት የ«አውቃለሁ» ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ደግመው ይቀመጣሉ። እኔ እንደዚያ አልረዳውም። ገበሬው ስለ ዕዳቸውና ስለ ጫማ ተናግረዋል፤ ዕዳውም ጫማውም ግን ያመራው ወደ አንድ ቦታ ነበር፣ እግዚአብሔር እያንዳንዱን ልጅ ማወቁ ጋ። መንገዱ ወደዚያ ካደረሰ ንገሪን። ካላደረሰ ለቤት ጨዋታ ይቆይ።

ሁሉም ነገር አይነገርም። በትምህርትና ቃልኪዳኖች ክፍል 63 ላይ ከላይ የሚመጣው ቅዱስ ነው፣ በጥንቃቄ ሊነገር ይገባል ተብሏል። በምስክርነትሽ ውስጥ የሌላ ሰው ገመና አይግባ፤ የቀድሞ ባልም ይሁን ጓደኛ ወይም እኅት። ያደግሽበትንም ቤተክርስቲያን አታሳንሺ፤ መጸለይን ያስተማረሽ እሱ ነው። እንባ ከመጣ ይምጣ፣ ካልመጣም ምንም አልጎደለሽም። አጭር ይሁን፤ ሌላውም ሰው በልቡ ይዞ የመጣው አለና።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉና። የቤተክርስቲያናችን መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ በ14 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1820 የጸደይ ወራት ኒው ዮርክ ውስጥ ፓልማይራ አቅራቢያ ጫካ ገብቶ ጸልዮ ያየውን ራእይ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የተረከው። በ1832፣ በ1835፣ በ1838 እና በ1842 የተጻፉ ትረካዎች አሉን፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የ1832ቱ ከፊሉ በራሱ እጅ የተጻፈ ነው፤ ትኩረቱም የኃጢአቱ ስርየት ላይ ነው። ታላቅ ዋጋ ዕንቁ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፋችን ውስጥ የምናነበው የ1838ቱ ደግሞ የትኛዋ ቤተክርስቲያን ትክክል ናት የሚለውን ጥያቄ ያጎላል። ይህን ከተቺዎች የሚሰማ ሰው ይናወጣል። እኔን ግን በ1832ቱ ውስጥ የማየው ስለ ነፍሱ የተጨነቀ ወጣት የበለጠ አቅርቦኛል። አንቺም የመኪናሽን ሌሊት ዛሬ ስትናገሪውና ልጅ ወልደሽ ለልጅሽ ስትናገሪው እኩል አይሆንም። ዛሬ የምታዪው ዕረፍቱን ነው፤ ያኔ ምናልባት ወደዚያ ያደረሰሽን እጅ ታዪ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቀኑን ጨምረሽ ደብተር ላይ ጻፊው፣ በአማርኛ። ቤተክርስቲያኗ በተቋቋመችበት ቀን፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1830 እ.ኤ.አ. መዝገብ ይጠበቅ የሚል ትእዛዝ ተሰጥቷል፤ እኔ የአንቺንም ደብተር ከዚያ መዝገብ እቆጥረዋለሁ።

መድረክ ብቻም አይደለም ቦታው። በመጽሐፈ ሞርሞን በሞሮኒ 6 የጥንቶቹ ቅዱሳን ለመጾምና ለመጸለይ፣ ስለ ነፍሳቸውም ደኅንነት እርስ በርስ ለመነጋገር ዘወትር ይሰበሰቡ ነበር ይላል። እርስ በርስ ነው ያለው፤ አንዱ ተናጋሪ ሌላው አድማጭ ብቻ ሆኖ አይደለም። መድረኩ ካስፈራሽ በሰንበት ትምህርት ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፣ ወይም ከምታምኛት እህት ጋር ቡና ስለማንጠጣ ቡና አይሁን እንጂ አንድ ማዕድ ቀርባችሁ አውሩ። የመጀመሪያው እሑድ በየወሩ ስለሚመለስ አያመልጥሽም። የመነሣት ስሜት የመጣልሽ ቀን ምን ልበል ብለሽ አትቸገሪ፤ ለእኔ የጻፍሽው ይበቃል። ከሥራ ወጣሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ በአማርኛ ጸለይኩ፣ ዕረፍት መጣልኝ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ በአማርኛ ተናገሪው፤ ሊተረጉምልሽ የሚችል ሰው ካለ አስቀድመሽ ጠይቂው።

እናትሽን በተመለከተ ግን ምክሬ ለየት ይላል። ስትደውዪላት ያንቺን ለመንገር አትቸኩዪ፤ የእሷን ጠይቂ። «እማዬ፣ ጸልየሽ እግዚአብሔር እንደሰማሽ ያወቅሽበት ቀን አለ? እንዴት ነበር?» በያት። ስንት ዓመት ኪዳን ያደረሰች እናት ናት፤ ልጅዋ ጠይቃት አታውቅ ይሆናል እንጂ የምትናገረው አላት። አታቋርጫት፣ አታርሚያት፣ «እኛ ጋ ደግሞ እንዲህ ነው» አትበያት። በዚያች ሌሊት መኪናሽ ውስጥ የጸለይሽባቸውን ቃላት መጀመሪያ ከማን አፍ እንደሰማሻቸው ስታዳምጫት ትዝ ይልሽ ይሆናል። ከጨረሰች በኋላ «አንቺስ ልጄ?» ካለችሽ፣ ያኔ የመኪናዋን ሌሊት ንገሪያት።