ጠዋት የበሉት ማታ ሲመለስ፦ ስለ እናትሽ ለጠየቅሽው

እህታችን፣ የጻፍሽው ባጭሩ ይህ ነው፦ እናትሽ 58 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ከያዛቸው 14 ዓመት ሆኗል፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሁለት ሦስት ጉርሻ ሲጎርሱ ይጠግባሉ፤ ጠዋት የበሉትን እንጀራ ማታ እንዳለ ያስመልሱታል። ኢንዶስኮፒው (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን የሚያየው ምርመራ) «ቁስለት የለም» አለ፤ ኦሜፕራዞል ሦስት ዙር ወስደው ለውጥ የለም። ለወገባቸው ትራማዶል፣ ለእግራቸው ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን ይወስዳሉ።

ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ ጨጓራን አያንቀሳቅስም፤ አራተኛ ዙር ትርፉ ወጪ ነው። ምልክቱ ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት ለማውረድ መዘግየቱን፣ ሐኪሞች ጋስትሮፓሬሲስ የሚሉትን ይመስላል። ይህ ስም የሚሰጠው ግን የጨጓራው መውጫ አለመዘጋቱ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። የቆየ ቁስለት ጠባሳ መውጫውን ሊያጠበው ስለሚችል የኢንዶስኮፒውን ወረቀት አውጥተሽ ሁለት ነገር ፈልጊ፦ መሣሪያው ፓይሎረስን (የጨጓራውን መውጫ በር) አልፎ ዱዎዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ገብቷል? ሌሊቱን ጾመው አድረው የምግብ ትራፊ ታይቷል? መንገዱ ክፍት ሆኖ ትራፊ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ኢንዶስኮፒ የጨጓራውን ግድግዳ ያሳያል እንጂ ምግብ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ አይለካም።

መንስኤ ፍለጋው ከመድኃኒቶቹ ይጀምር። ትራማዶልም አሚትሪፕቲሊንም ጨጓራን ያዘገያሉ፤ እሳቸው ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚወስዱት። በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፣ በተለይ ትራማዶል ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው፤ ሐኪሙን ምትክ ጠይቁ። ለሆድ ቁርጠት የሚወሰደው ባስኮፓን፣ ጫት፣ ከውጭ ዘመድ የሚልከው እንደ ኦዜምፒክ ያለ የስኳርና የክብደት መቀነሻ መርፌም እንዲሁ ያዘገያሉ። ይህን ማንም ሳይጠይቃችሁ ንገሩ፤ ሰው ጫትን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው ሳይነሳ ይቀራል።

ቀጥሎ ስኳሩ። እግር የሚያቃጥለው የነርቭ ጉዳት የጨጓራን ነርቭ ቬገስንም ሊነካ ይችላል። ከዚያ በተጨማሪ ከፍ ያለ ስኳር ራሱ በዚያው ሰዓት ጨጓራውን ያዘገየዋል። ኢንሱሊኑ ተወግቶ ምግቡ ካልወረደ ስኳሩ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከሰዓታት በኋላ ይተኮሳል። ስለዚህ ከምግብ በፊት፣ ከ2 እና ከ4 ሰዓት በኋላ ለክታችሁ ለአንድ ሳምንት ጻፉ፤ ሐኪሙ የመርፌውን ሰዓት የሚያስተካክለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ከ70 በታች ሲወርድ ብስኩት ሳይሆን 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፤ ፈሳሽ ከጠጣር ይልቅ ቶሎ ያልፋል። የ3 ወር ስኳር፣ የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራም ይታዘዝ።

ምግብ ከጨጓራ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ የሚለካው ምርመራ ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት እንቁላልና ዳቦ አስበልቶ በካሜራ የሚከታተል ነው። የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ስለሚፈልግ በየክሊኒኩ አይገኝም። ከማስያዛችሁ በፊት «4 ሰዓት ሙሉ ትከታተላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያበቃው ያሳስታል። በ4ኛው ሰዓት ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ከቀረ መዘግየት አለ። ጨጓራን የሚያፈጥኑም የሚያዘገዩም መድኃኒቶች በሐኪም ፈቃድ ከ2 እስከ 3 ቀን ቀድመው ይቆማሉ፤ የዕለቱ ስኳር ከ275 በላይ ከሆነ ምርመራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ።

እስከዚያው ምግቡን በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ከፋፍሉት፣ በአንድ ጊዜ ከቡና ቁርስ ያልበለጠ። ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ የተጠለለ ሾርባ፣ እንቁላል ይሻላል። ጥሬ ጎመን፣ ቆሎ፣ ብርቱካን ከነገለፈቱ ይቅር፤ ቃጫው ጨጓራ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ሊረጋ ይችላል። ብዙ ሰው «ለጨጓራ» ብሎ የሚመክረው ተልባና አብሽ እዚህ ጋ ጠንቅ ነው፤ ሙጫው መውረዱን የባሰ ያዘገየዋል። ቅቤ የበዛበትም እንዲሁ። ጾም ውለው በ9 ሰዓት ጠግቦ መብላት ለዚህ ሕመም የመጨረሻው መጥፎ አበላል ነው፤ ኢንሱሊን ለሚወጉ ደግሞ መጾሙ ራሱ አደጋ አለው፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። በልተው 2 ሰዓት ሳይሞላ አይተኙ፤ ደጅ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢሉ ይረዳል።

ሐኪሙ ጨጓራን የሚያፈጥነውን ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) ካዘዘ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው፣ ከ12 ሳምንት በላይ አይቀጥልም። ከንፈር ወይም ምላስ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ ከጀመረ ያኔውኑ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ አንዳንዴ የማይመለስ ይሆናል። ጨጓራን ለማፍጠን የታዘዘው ዶምፐሪዶን ወይም ኤሪትሮማይሲን ከሆነ መጀመሪያ የልብ ምት ምርመራ (ኢሲጂ) ይነሣ።

ውሃ እንኳ ቀኑን ሙሉ ካልረጋላቸው፣ ደም ካስመለሱ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም እያስመለሱ ስኳሩ ከ250 በላይ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያን ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።